ሞርሞኖች ይህን ሁሉ ቤተመቅደስ የሚሠሩት ለምንድን ነው?

የመነሻው ጽሑፍ

ጥያቄዬን ሳላንዛዛ ላቅርብ። ሞርሞኖች፣ በሙሉ ስማቸው የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተክርስቲያን፣ ቤተመቅደስ መሥራት አላቆም አሉ። በ2018 መጀመሪያ ራስል ኔልሰን የቤተክርስቲያኒቱ ፕሬዝዳንት ሲሆኑ በዓለም ዙሪያ ሥራ ላይ የነበሩት 159 ነበሩ። ሰውየው በሴፕቴምበር 2025 በ101 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ 200 አዳዲስ አወጁ። የተሠራው፣ እየተሠራ ያለውና ገና የታወጀው ሲደመር 382 ደረሰ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አባላቱ በራሳቸው ቆጠራ 17 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ናቸው። ይህ መዝገብ ላይ ያለ ስም ነው። ተጠምቆ በዚያው የቀረውም ይቆጠራል። የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡት ቤተመቅደስ ውስጥ አይደለም። ለዚያ በየሰፈሩ ተራ የጸሎት ቤት አላቸው። ቤተመቅደሱ እሑድ ዝግ ነው። ከተመረቀ በኋላ የውጭ ሰው አይገባበትም፤ አባሉም ቢሆን ፈቃድ ከሌለው ከበር ይመለሳል። እንግዲህ እሑድ የማይከፈት፣ ሰው እንደልቡ የማይገባበት ሕንፃ፣ ከ200 በላይ ሥራ ላይ እያለ ሌላ የሚጨመረው ለማን ነው?

የኔ ግምት፦ ብሩ በዝቶባቸዋል። የሆነ ቦታ መዋል አለበት። ድንጋይና መስታወት ላይ ሲውል ደግሞ ማንም አይጠይቅም። እምነታቸውን ለመሳደብ አይደለም ይህን የምለው። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የምንኖር ሰዎች የኬንሲንግተኑን ባለ ስድስት ጫፍ (ሹል ማማ) ነጭ ቤተመቅደስ፣ ዋሽንግተን ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና ቤልትዌይ ላይ ትራፊክ ይዞን እያለ ዘወትር እናየዋለን። ስለ ውስጡ ግን የምናውቀው ወሬ ብቻ ነው።

ከጥያቄዬ ሥር የሚጻፈው መልስ እየበዛ ስለመጣ ዘግይቶ ለደረሰ ሰው እንዲመች በየተራ አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። በየመሐሉ የራሴን ጣል አድርጌበታለሁ፤ ያልተመቸው ይዝለለው።

መልስ 1። አንድ መስመር ናት። ነገሩ መሬት ነው፣ ግብር የማይከፈልበት መሬት፣ ሌላው ተረት ነው የምትል። ብዙ ላይክ አገኘች። አጭር ነገር መቼም ይወደዳል።

መልስ 2። ዳላስ አካባቢ ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ነው፤ የመጀመሪያውን በትሕትና አረመው። መሬት ለትርፍ የሚገዛ ሰው የሚከራይ ወይም የሚሸጥ ነገር ነው የሚሠራበት። ቤተመቅደስ ኪራይ አያስገባም። በአንጻሩ ጥበቃው፣ አትክልተኛው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው መብራት ገንዘብ ይበላል። ቢሸጥስ ማን ይገዛዋል? ውስጡ ትንንሽ ክፍሎችና በ12 የበሬ ሐውልት ጀርባ ላይ የተቀመጠ ትልቅ መጠመቂያ ነው። ትርፍ ከሆነ የተፈለገው ቤተክርስቲያኒቱ ሌላ ብዙ አላት፤ ሰፋፊ እርሻ፣ በ2012 ዋና መቀመጫዋ በሆነችው የዩታ ከተማ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ መሐል የተከፈተው ሲቲ ክሪክ የገበያ ማዕከል። ቤተመቅደስ ከነዚህ ሁሉ ጋር ሲወዳደር የኪሳራ ኪሳራ ነው ባይ ነው።

መልስ 3። ዩታ የሚኖር ሌላ ሰው ይህን በግማሽ ብቻ ነው የተቀበለው። ኤርዳ የምትባል የገጠር አካባቢ ላይ የሆነውን አነሣ። ዕቅዱ ቤተመቅደሱን መሐል አድርጎ ዙሪያውን ተጠጋግተው የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶችን ይጨምር ነበር። ነዋሪው እርሻችንና ጸጥታችን ሊጠፋ ነው ብሎ ፊርማ አሰባሰበ። በ2020 ቤተክርስቲያኒቱ የቤቶቹን ነገር ተወች፤ ቤተመቅደሱም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና ዴዘረት ፒክ ተባለ። ስለዚህ ሕንፃው ራሱ ባያተርፍም፣ የጎረቤቱ መሬት ዋጋ እንደሚንቀሳቀስ አይጠፋቸውም ነው ነገሩ። ይህችን ያዙልኝ፤ ከሁለቱም ወገን እውነት አላት።

መልስ 4። እስካሁን ከመጡት ሁሉ የጠቀመችኝ ይህቺ እህት ናት። ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ የሥራ ባልደረቦቿ አብዛኞቹ ሞርሞኖች ናቸው። ረጋ ብላ አስረዳች። ቤተመቅደሱ ውስጥ የእሑድ ስብከት የለም። ሦስት ዋና ዋና ነገሮች ናቸው የሚፈጸሙት፦ ስለ ሙታን የሚደረግ ጥምቀት፣ አባሉ ቃል ኪዳን የሚገባበት ሥርዓት፣ እና ባልና ሚስት ከሞት በኋላም እንዳይለያዩ የሚያደርግ ጋብቻ። ለመግባት ካርድ ያስፈልጋል። ካርዱ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል። ለማሳደስ መጀመሪያ የአጥቢያው ኃላፊ፣ ቀጥሎ የእሱ የበላይ ለየብቻ አስቀምጠው ይጠይቃሉ። ከሚጠየቀው መሐል አሥራቱን ሙሉ በሙሉ መክፈሉና ከቡና፣ ከሻይ፣ ከመጠጥ፣ ከሲጋራ መራቁ ይገኝበታል።

ካርዱ ጊዜው ያለፈበት ባልደረባዋን ሌሎቹ በምን እንደሚያውቁበትም ጻፈች። የእህቱ ልጅ ሠርግ ቀን ሁሉም ቤተመቅደስ ሲገቡ እሱ ሥራ ይገባል።

መልስ 5 እስከ 9። ቡና የሚለው ቃል ከወጣ በኋላ ጉድ ፈላ። 5ኛው ያለ ቡና ጎረቤት እንዴት ይኖራል ብሎ አዘነላቸው። 6ኛው በረዶ የገባበት ቡናስ ብሎ ጠየቀ፤ 7ኛው ትኩስም ሆነ ቀዝቃዛ ቡና ቡና ነው፣ ቤተክርስቲያኒቱም በ2019 ግልጽ አድርጋዋለች ብሎ መለሰለት። 8ኛዋ ኮካ ኮላ ግን እንደሚፈቀድ ነገረችን፤ ይህም በ2012 ነው የተብራራው። ዩታ ውስጥ ለስላሳ ከክሬምና ከሽሮፕ ጋር እየቀየጡ የሚሸጡ ድራይቭ ስሩ (ከመኪና ሳይወረድ የሚገዛባቸው) ሱቆች የበዙት ለዚህ ነው ትላለች፤ ጠዋት ጠዋት ሰልፉ መንገድ እንደሚዘጋ፣ እሷ ራሷ ኮኮናት የገባበትን ለምዳ መተው እንዳቃታት ጭምር። 9ኛው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ከሚቀሩብኝ ቤተመቅደሱ ይቅርብኝ ብሎ ዘጋው።

መልስ 10። ቀልዱን ያቆመው ይህ ሰው ነው፤ ቁጣም ነበረበት። ኮካ እየተወራ ዋናው ነገር ተረሳ አለ። በ2019 መጨረሻ ኢንሳይን ፒክ በሚባለው የቤተክርስቲያኒቱ ኢንቨስትመንት ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት አቤቱታ አቀረበ። የተከማቸው ገንዘብ 100 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ያን ጊዜ ወጣ። በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ቀጣቸው፤ ድርጅቱን 4 ሚሊዮን፣ ቤተክርስቲያኒቱን 1 ሚሊዮን። ጥፋቱ የአክሲዮን ይዞታቸውን በ13 የስም ኩባንያዎች ጀርባ መደበቃቸው ነው። ዝርዝር ሒሳባቸውን ለሕዝብ ማውጣት ካቆሙ ደግሞ ከ1959 ጀምሮ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ያመጣው መደምደሚያ ግን ከኔ የተለየ ነው። ብሩ በዝቶ የሚሠሩት አይደለም፤ ብሩ እንዲመጣ ነው የሚሠሩት። 4ኛዋ ያለችውን ካርድ አስታወሰን። ልጅህን ስትድር ከጎኗ መቆም ከፈለግክ አሥራትህን ትከፍላለህ። ቤተመቅደሱ ሲቀርብህ ሰበብህ ያልቃል። ድሮ ሩቅ ነው ብለህ ካርዱን ሳታሳድስ ብትቆይ ማንም አይጠይቅህም። አሁን 20 ደቂቃ ነድተህ የምትደርስበት ከሆነ ያለመሄድህ ይታያል።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ልቤ ገብታለች። የተቀረውን ክር (የመልሶቹን ተከታታይ) ያነበብኩት በሷ መነጽር ነው።

መልስ 11። ከመሐላችን አባል የሆነ ሰው እንዳለ ያወቅነው እዚህ ላይ ነው። አገሩ ኢትዮጵያ፣ አሁን የሚኖረው ሲያትል አካባቢ። ስድቡን ሁሉ አንብቦ ሲያበቃ ሰላምታ አስቀድሞ ነው የጻፈው። ሁላችንም አንድ ነገር አልተረዳንም ይላል። አባሉ ለራሱ እያንዳንዱን ሥርዓት የሚፈጽመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመላለሰው ለሞቱ ሰዎች ነው፤ በሟቹ ስም። የአያት፣ የቅድመ አያት፣ ከዚያም የማያውቁት ሰው። ሟቹም በወዲያኛው ዓለም ሆኖ የመቀበልም ያለመቀበልም ምርጫ አለው። የዘር ሐረግ የሚያጠኑት፣ ፋሚሊ ሰርች የሚባለውን ድረ ገጽ በነጻ የከፈቱት፣ ሶልት ሌክ አጠገብ ተራራ ፈልፍለው የመዝገብ ፊልም የሚያስቀምጡት ለዚሁ ነው። እንግዲህ እስከዛሬ የኖረው የሰው ልጅ ሁሉ ወረፋ ላይ ከሆነ 382 ሕንፃ ሲያንስ ነው እንጂ አይበዛም።

ስለ ርቀትም ጻፈ። አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የጆሃንስበርጉ ነው፣ 1985። ለምሥራቅ አፍሪካ አባላት ለረጅም ዘመን ቅርቡ እሱ ነበር። የናይሮቢው በሜይ 2025 ሲመረቅ ስንት ቤተሰብ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁጠር እንደዳነ ለናንተ ላይታያችሁ ይችላል ብሎን አለፈ። ብራዚል ውስጥ ደግሞ የማናውስ ሰዎች ሳኦ ፓውሎ ለመድረስ በጀልባና በአውቶቡስ ቀናት ይጓዙ ነበር፤ የራሳቸውን ያገኙት በ2012 ነው።

መልስ 12። ክሩ ከዚህ በኋላ ከረረ። 12ኛው ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ወንድማችን ነው። የሞተን ሰው ማጥመቅ ማለት ማን ለማን የሰጠው ሥልጣን ነው ብሎ ተነሣ። የአያቱን ስም አንድ የዩታ ጎረምሳ ውኃ ውስጥ ሆኖ ሲጠራው ማሰብ አስቆጥቶታል። ባዶ ቁጣም አልነበረም። በናዚዎች የተገደሉ አይሁዶች ስም በዚሁ ሥርዓት ሲያልፍ ተገኝቶ፣ የአይሁድ ድርጅቶች ተቃውመው፣ በ1995 ስምምነት መፈረሙን ጠቀሰ። ከስምምነቱ በኋላም ስሞች እየገቡ መገኘታቸውን አስታወሰን።

መልስ 13። አንዲት እህት 12ኛውን ወንድሜ ብላ ጀምራ ወጋ አደረገችው። እኛስ ለሞተ ሰው ፍትሐት እናስፈታ፣ ተዝካር እናወጣ የለም ወይ አለች። ሬሳው ከተቀበረ በ40 ቀኑ ድንኳን ተጥሎ ካህናት የሚጠሩት ሟቹን ይጠቅማል ተብሎ ነው። የቆሮንቶስ መልእክትም ምዕራፍ 15 ላይ ስለ ሙታን የሚጠመቁ ሰዎችን ያነሣል።

መልስ 14 እስከ 17። ፍትሐትና ጥምቀት አንድ አይደለም፣ ነው፣ አይደለም። ፍትሐት ለምእመን ነው፣ ጥምቀት ግን ያላመነን ማስገባት ነው የሚለው የ12ኛው ክርክር ጥሩ ነበር፤ ስድቡ ግን አበላሸው። አወያዩ ገብቶ ሁለት መልስ አጠፋ። የተረፈው ማንበቡ አያስቆጭም፣ ለጥያቄያችን ግን አይጠቅምም።

መልስ 18። በሕንፃ ሥራ የተሰማራ መሐንዲስ ወደ መሬት አወረደን። ለምን ይሠራሉ የሚለውን ትታችሁ እንዴት ቻሉ በሉ ይላል። የሶልት ሌኩ መሠረት በ1853 ተጀምሮ የተመረቀው በ1893 ነው። 40 ዓመት! ጥቁር ድንጋዩን ከተራራ በበሬ ጋሪ እየጎተቱ። እንዲያ ዓይነት ሕንፃ 200 አይታወጅም። ነገሩን የቀየሩት በ1997 የቤተክርስቲያኒቱ ፕሬዝዳንት የነበሩት ጎርደን ሂንክሊ ናቸው፤ ትንንሽ ቤተመቅደስ ለሩቅ አካባቢ የሚለውን ሐሳብ አመጡ። ያኔ ሥራ ላይ የነበሩት 50 ያህል ነበሩ። በ2000 መጨረሻ ከ100 አለፉ። ከዚያ ንድፉን አንድ ዓይነት እያደረጉ መጡ። ሞንታና ውስጥ የሄሊናው ክፍሎቹ ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው በመኪና ተጭነው መጥተው ነው የተገጣጠሙት። በ2021 ተጀምሮ በ2023 ተመረቀ፤ ስፋቱ 930 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ከቤልትዌይ የምናየውንና የሄሊናውን እኩል አንድ ብሎ መቁጠር ስህተት ነው ብሎ 382 የምትለዋን ቁጥሬን ቀጠፋት።

(ድንጋዩ ጥቁር አይደለም፣ ግራጫ ነው ብሎ 19ኛው አረመው። ከዚህ ሌላ ምንም አላለም።)

መልስ 20። ይህ ደግሞ የመረረው ሰው ነው። ቴክሳስ፣ ፌርቪው አጠገብ ይኖራል። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሰፈሩ የመኖሪያ ነው። ቤተክርስቲያኒቱ መጀመሪያ ያመጣችው ንድፍ 174 ጫማ ጫፍ ነበረው። የከተማው ምክር ቤት በ2024 እምቢ አለ። ክስ ይመጣል ተባለ፣ ሽምግልና ተገባ፣ ነገሩ ወዲህ ወዲያ ሲል ከርሞ በኤፕሪል 2025 በ120 ጫማ ጸደቀ። ጎረቤቶቹ ቤተመቅደሱን ሳይሆን ቁመቱንና የሌሊት መብራቱን ነበር የጠሉት። ትንሽ ከተማ ግን 100 ቢሊዮን ካለው አካል ጋር ፍርድ ቤት ለመቆም አቅም የላትም። የሃይማኖት ተቋማትን የመሬት አጠቃቀም የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግም ከነሱ ጎን ነው። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ለራሱ ጥያቄ ራሱ መለሰ፦ የሚሠሩት እንዲታዩ ነው።

መልስ 21። ይህች ልጅ ማስረጃ ይዛ መጣች። ጫፍ የእምነቱ ግዴታ ነው የሚባል ከሆነ የሃዋይ ላዬ (1919)፣ የካናዳው ካርድስተን (1923) እና የአሪዞናው ሜሳ (1927) ጫፍ የላቸውም። ቦስተን አጠገብ ቤልሞንት ደግሞ በጫፉ ላይ ክስ ስለነበረ ቤተመቅደሱ በ2000 ያለ ጫፍ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። በ2001 ፍርድ ቤት ሲፈቅድላቸው ነው ጫፉ የተተከለው። ማለቷ፣ ያለሱም ይሠራል። 20ኛው በደስታ ፈነጠዘ።

መልስ 22። 11ኛው አባል ተመለሰ። ከፍታው ዓይንን ወደ ሰማይ ለማንሣት ነው አለ። አጭር መልስ ነበር፤ ትንሽ የከፋው መሰለኝ።

መልስ 23። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የሎስ አንጀለሷ እናት ናቸው። ብዙ አይጽፉም፤ ሲጽፉ ግን ክሩ ይዘጋል። የዘመናቸውን አንድ ነገር አነሡ። እስከ ጁን 1978 ጥቁር ሰው ክህነት አይሰጠውም ነበር፤ ጥቁር ሴትም ብትሆን እዚያ ቤተመቅደስ ገብታ ቃል ኪዳኑን ልትፈጽም ወይም በዚያ ሥርዓት ልታገባ አትችልም። የሳኦ ፓውሎው ቤተመቅደስ በ1975 ታወጀ። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ማን ጥቁር፣ ማን ነጭ እንደሆነ በምን ይለያል? ክልከላው በ1978 አጋማሽ ተነሣ፣ ቤተመቅደሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተመረቀ። እሳቸው እንደሚሉት ሕንፃው ነው ሕጉን የገፋው። እሳቸው አሜሪካ የደረሱት ከዚያ በፊት ነው። ያኔ በር ያንኳኩ የነበሩት ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚዞሩ ነጭ ሸሚዝ ለባሽ ልጆች ይህን አልነገሯቸውም።

11ኛው በ24ኛው መልስ እትዬ ያሉት ሁሉ ትክክል መሆኑን አምኖ፣ ቤተክርስቲያኒቱ በ2013 ያንን ክልከላ ለማስረዳት ይነገሩ የነበሩ ሐሳቦችን እንደማትቀበል ጽፋ ማውጣቷን ጨመረ። እሳቸውም ልጄ ብለው መለሱለት፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን እዚያ ጽሑፍ ላይ እንዳላገኙ ነገሩት። ከዚህ በላይ ማንም አልተናገረም።

መልስ 26። የሠርግ ታሪክ ነው። የዚህ ሰው ወንድም አንዲት የሞርሞን ልጅ ወድዶ፣ ተጠምቆ፣ ኬንሲንግተን ውስጥ ጋብቻው ተፈጸመ። እናቱ ከአዲስ አበባ ለዚሁ መጡ። ነጭ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አትክልቱ ስፍራ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቁ። ልጃቸው ሲያገባ አላዩም። ሙሽሮቹ ሲወጡ እልል አሉ፤ መኪና ውስጥ ግን አለቀሱ። በአሜሪካ የዚያን ጊዜው ደንብ ውጭ በሲቪል ካገባህ ለቤተመቅደሱ ጋብቻ አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረብህ። በ2019 ተነሣ። አሁን ቢሆን ጠዋት ለሁሉም ሰው አግብቶ ከሰዓት ቤተመቅደስ መግባት ይችል ነበር።

10ኛው ይህን የክርክሩ ማሰሪያ አድርጎ ያዘው፦ ማስከፈያው ገንዘብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው።

መልስ 28። 13ኛዋ ደግሞ የኛን መቅደስ አመጣች። ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ ከዚያ መጋረጃው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ካህንና ዲያቆን ካልሆነ ማን ይገባል? ዋሽንግተን አካባቢ ያለነው ሰዎች ተከፋፍለን ስንት ቤተክርስቲያን ገዛን? እሷ እንደምትለው ይህን ጥያቄ ለራሳችን ሳንጠይቅ ለሞርሞን መጠየቅ ዓይን ማውጣት ነው።

መልስ 29 እስከ 37። አልፌዋለሁ። የኛው የአብያተ ክርስቲያናት ጠብ ነው፤ ቦርድ፣ ሲኖዶስ፣ ቁልፍ፣ ፍርድ ቤት። ዲሲ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

መልስ 38። ናይሮቢ የሚሠራ ሰው ክሩን መለሰልን፤ ለ10ኛው የተሰነዘረው ጥሩ ምት የሱ ነው። አሥራት ለመሰብሰብ ከሆነ በ2019 ኪንሻሳ ላይ ለምን ተሠራ? የአንድ የኮንጎ አባል አሥራት የጄኔሬተሩን ነዳጅ እንኳ አይሸፍንም። ሰሜን አሜሪካ ያለው ሕንፃ አሥራት ያስከብር ይሆናል፤ አፍሪካ ያለው ግን ገንዘብ ወደ ውጭ የሚፈስበት ነው። የኔንም ግምት በዚያው መታ። አሜሪካ ውስጥ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ ገደማ ማውጣት አለበት፤ ቤተክርስቲያን ግን ይህ ግዴታ የለባትም። ስለዚህ ብሩ የሆነ ቦታ መዋል አለበት የሚለው ነገር ሕግ አያስገድደውም። መቆለል ይችላሉ፤ ቆልለዋልም።

እኔ በ39ኛው ሕግ ባያስገድድ ሐሜት ያስገድዳል ብዬ መለስኩ። 100 ቢሊዮኑ ከታወቀ በኋላ ምን ሠራችሁበት መባሉ አይቀርም። 40ኛው ወዲያው ቀኑን አወጣብኝ፤ ኔልሰን የመጀመሪያዎቹን ሰባት ያወጁት በኤፕሪል 2018 ነው፣ ምሥጢሩ የወጣው በ2019 መጨረሻ። ቅደም ተከተሉ አይገጥምም። እሺ፣ አይገጥምም። ከወጣ በኋላ ለምን አልቀነሱም የሚለው ግን ይቀረኛል።

መልስ 41። 40ኛው ራሱ ቀጠለ። ማወጅና መሥራት ለየቅል ናቸው ይላል። ጉባኤያቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ ኤፕሪልና ኦክቶበር። የኔልሰን ዘመን የጉባኤው መዝጊያ የአዳዲስ ቤተመቅደስ ዝርዝር ነበር፤ አባሉ የኔ ከተማ ትጠራ ይሆን እያለ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጣል። የአባላት ቁጥር እንደ ድሮው በማይፈነዳበት ጊዜ እያደግን ነው የሚል ስሜት የሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ዜና የለም። ተተኪያቸው ዳሊን ኦክስ በኦክቶበር 2025 ጉባኤ ምንም አዲስ አላወጁም። በዕቅድና በግንባታ ላይ ያለው ስለበዛ ማወጁን ማቀዝቀዝ ይገባል አሉ። ከ382ቱ ሥራ ላይ ያለው ከ200 ትንሽ ነው የሚያልፈው፤ ቀሪው ወረቀት ወይም ጉድጓድ ነው። ይህ መልስ 10ኛው ካለው ጋር ይሄዳል ብዬ አምናለሁ። አዲስ ሰው ማምጣት ሲከብድ ያለውን ሰው ማጥበቅ ይቀላል። የናይሮቢው ሰው ኪንሻሳም በዚህ ይገባል። እዚያ የሚጠበቀው አሥራቱ ሳይሆን ሰውየው ነው።

11ኛው በ42ኛው ይህን አልወደደውም። ምእመንን መጠበቅ ከመቼ ወዲህ ነው ሴራ የሆነው ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው፤ የትኛውም ቤተክርስቲያን ይህንኑ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ ብዙዎቹ በር ላይ ካርድ አያዩም።

መልስ 43። ውስጡን ያየች ሰው ተገኘች! የኬንሲንግተኑ እድሳቱ አልቆ በ2022 ዳግም ከመመረቁ በፊት ለሕዝብ ክፍት ነበር፤ ከ1974 ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነው። በር ላይ በጎ ፈቃደኛ አሮጊቶች ጎንበስ ብለው በየጫማው ላይ ነጭ ሽፋን ያጠልቃሉ። ምንጣፉ ድምፅ ይውጣል። የጋብቻው ክፍል ውስጥ ግራና ቀኝ ትላልቅ መስታወቶች ፊት ለፊት ተሰቅለዋል፤ መሐላቸው ስትቆሚ ራስሽ እየተደጋገምሽ እስከ መጨረሻው ትሄጃለሽ። ዘላለምን ለማሳየት ነው። የበሬዎቹን ሐውልት ቆጥራቸዋለች፣ 12 ናቸው። ወሬ የሚነገርለት የተደበቀ ነገር አላየችም። የገረማት የሠራተኞቹ ዕድሜ ነው፤ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፣ ደሞዝ አያገኙም። ብዙ ሕንፃ ሲሠራ እነዚህ ሽማግሌዎች ከየት ይመጣሉ የሚለው የሷ ጥያቄ ነው፤ መልስ የሰጣት የለም።

መልስ 44 እስከ 48። የሶልት ሌኩ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ለመሬት መንቀጥቀጥ መከላከያ እድሳት ዝግ ነው። መሥራቱ ተገቢ እንደነበር ወዲያው ታየ፤ በማርች 2020 5.7 የሆነ መንቀጥቀጥ መጥቶ አናቱ ላይ ያለውን የመልአክ ሐውልት መለከት አስጣለው። 4ኛዋ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር 2027 ለሁሉም ሰው ሊከፈት እንደታቀደ ነገረችን። የዴንቨር ሰዎች ወዲያው መኪና መቁጠር ጀመሩ። 13ኛዋ ኤፕሪል ዐቢይ ጾም ነው፣ ፋሲካ ሜይ 2 ይውላል፣ ከዚያ በኋላ ይሁን አለች። 12ኛው እሱ እንደማይገባ ሳይጠየቅ አስታወቀ፤ የሄደ ሰው ግን የጥምቀት ገንዳውን ፎቶ ይላክለት። 43ኛዋ በ2022 ኬንሲንግተን ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል እንደነበር ነገረችው።